የሦስት ቀን አውደ ርዕይ ስንት ቀን ይፈጃል? ስለ ተጓዥ ሻጭ ኑሮ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው የማሸጊያ ማሽኖችን በሚያመርት ኩባንያ ውስጥ ለሦስት ዓመታት በቢሮ ሽያጭ ሠርተዋል። አሁን ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወሩ በንግድ አውደ ርዕዮች ላይ ኩባንያውን የሚወክሉበት የሥራ መደብ ቀርቦላቸዋል፤ በዓመት 18 አውደ ርዕይ ሲሆን በደመወዙ ላይ ኮሚሽን አለው። ባለትዳርና የሁለት ዓመት ሕፃን ወላጅ ናቸው። አለቃቸው «አንዱ አውደ ርዕይ በአማካይ ሦስት ቀን ተኩል ነው፤ ሁሉም ቢደመር ከ63 ቀን አይበልጥም» ብለዋቸዋል። ጠያቂው የሥራው ኑሮ በእርግጥ ምን እንደሚመስል፣ ሰውነትና ትዳር ይችሉት እንደሆነ፣ ከመፈረማቸው በፊትም ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ማወቅ ይፈልጋሉ።

በዚህ ሥራ 16 ዓመት ተጉዣለሁ፤ ያለፉትን አምስት ዓመታት ደግሞ የሚጓዙትን በመቅጠርና በማሠልጠን ላይ ነኝ። ስለ ሰውነትም፣ ስለ ትዳርም፣ ስለ ገንዘብም የምሰጠው ምላሽ ከአንድ ነገር ስለሚነሣ በቅድሚያ የአለቃዎን ሒሳብ እንመርምር። 63 ቀን የሚለው ቁጥር ውሸት አይደለም። ሆኖም የሚቆጥረው አዳራሹ ለጎብኚ ክፍት የሚሆንበትን ቀን ነው፤ እርስዎ ከቤትዎ ውጭ የሚያድሩበትን ሌሊት የቆጠረው የለም። በእኔ ልምድ በዚህ ሙያ ሰውን የሚያደክመውም፣ ከቤቱ የሚያራርቀውም፣ ክፍያ የማያገኝበትም ይኸው ማንም ያልቆጠረው ቀን ነው።

ማክሰኞ ጠዋት የሚከፈት የሦስት ቀን አውደ ርዕይ እንውሰድ። ቡዙ፣ ማለትም ኩባንያው አዳራሹ ውስጥ ማሽኑን የሚያሳይበት ስፍራ፣ ሰኞ ማታ አልቆ መገኘት ስላለበት እሑድና ሰኞ የግንባታ ቀናት ናቸው። እሑድ ጠዋት አዳራሹ በር ላይ ለመገኘት ቅዳሜ መድረስ፣ መንገዱ ረጅም ከሆነ ደግሞ ዓርብ ማታ መነሣት ግድ ይላል። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ትርኢቱ ነው። ሐሙስ አመሻሽ ላይ በሩ ለጎብኚ ሲዘጋ የማፍረስ ሥራ ይጀምርና ብዙ ጊዜ እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል፤ ዓርብ የመልስ ጉዞ ነው። ሦስት ቀን የተባለው ከዓርብ እስከ ዓርብ ስምንት ቀን ሆነ ማለት ነው። 18ቱን በስምንት ቢያባዙት 144 ቀን ይመጣል፤ አንዳንዱ ጉዞ አጭር ነው ብለን በሰባት ብናሰላው እንኳ 126 ነው። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ጉዞ አንድ ቅዳሜና እሑድ ይዞ ስለሚሄድ በዓመት ካሉት 52 የሳምንት መጨረሻዎች 18ቱን ከወዲሁ አስረክበዋል። አለቃዎ ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይመስለኝም፤ ቢሮ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ግን አውደ ርዕይን የሚያየው ከመክፈቻው እስከ መዝጊያው ነው።

የግንባታ ቀን ምን እንደሚመስል ላልገባበት ሰው ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። መኪኖች ዕቃ ይዘው ስለሚገቡ የአዳራሹ ትላልቅ በሮች ቀኑን ሙሉ ተከፍተው ይውላሉ፤ ማሞቂያውም ማቀዝቀዣውም አይሠራም፤ አዲስ የተነጠፈው ምንጣፍ በላስቲክ ተሸፍኗል፤ ከባድ ዕቃ የሚያነሣው ተሽከርካሪ፣ ፎርክሊፍቱ፣ ከኋላዎ እየጮኸ ይመጣል። ማሽኑ ደርሶ የሚሰካበት ሶኬት ገና ኤሌክትሪክ አልተለቀቀለትም፤ ወይም ሶኬቱ ተዘጋጅቶ ማሽኑ ሌላ አዳራሽ ጥግ ላይ ተራግፏል። አንድ ጊዜ ማሽኑ በሰላም ገብቶ የእግሮቹ ብሎኖች የታሸጉበት ትንሽ ካርቶን በመጋዘን ቀርቶ ነበርና፣ በማያውቁት ከተማ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልኩ የተለየ ብሎን መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ ያን ዕለት ተማርኩ። ከዚያ ወዲህ ብሎኖች፣ ፕላስተር፣ ካርቶን መቁረጫ፣ የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ፣ የሶኬት መቀየሪያ፣ ማጽጃ ጨርቅና የራስ ምታት ኪኒን የያዘች አንዲት ሣጥን ከሻንጣዬ ጋር አብራኝ ትጓዛለች፤ ምላጭ ስላለባት ወደ አውሮፕላኑ ክፍል ይዣት አልገባም፣ ከሚጫነው ዕቃ ጋር አስረክባታለሁ። የማሠለጥናቸው ልጆች በመጀመሪያው ጉዞ ይስቁባታል፤ በሁለተኛው የራሳቸውን ይዘው ይመጣሉ።

መዝጊያው ምሽት ደግሞ ሌላ ነገር አለው። ቡዙ ሲገነባ የማሽኑ የእንጨት ሣጥኖች «ባዶ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው ከአዳራሹ ውጭ ወዳለ ማከማቻ ይወሰዳሉ። ትርኢቱ ሲያልቅ ተመልሰው የሚመጡት በአዘጋጁ ተራ ነው፤ እነርሱ ሳይመጡ ማሽኑን ማሸግ አይቻልም፤ ማሽኑ ሳይታሸግና ወረቀቱ ተፈርሞ ለጭነት አስተላላፊው ሳይሰጥ ደግሞ ከዚያ መንቀሳቀስ አይቻልም። ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ ቆመው የዋሉ ሰዎች የተጠቀለለ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ሰዓት ባዶ ሣጥን ይጠብቃሉ። ቀደም ብሎ መጠቅለል በአብዛኞቹ አውደ ርዕዮች ክልክል ነው፤ ቅጣትም አለው። ለዚያ ሌሊት የመመለሻ ትኬት የሚቆርጥ ኩባንያ ካዩ ሥራውን የማያውቅ ሰው ጉዞውን እንደሚያቅድ ይወቁ።

ከድምሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን አደራደሩ ነው፤ አውደ ርዕዮች በዓመቱ ውስጥ እኩል አልተሠራጩም። በእርስዎ ዘርፍ ትልቁ የሆነው፣ በጀርመን ዱሰልዶርፍ የሚዘጋጀው ኢንተርፓክ በሦስት ዓመት አንዴ በሜይ ወር የሚካሄድ ሲሆን ለሰባት ቀን ክፍት ይሆናል፤ በዚያ ላይ ለትልልቅ ማሽኖች የሚያስፈልገው የግንባታ ጊዜ ሲጨመር ከሁለት ሳምንት በላይ ይወስድብዎታል። የአሜሪካው የማሸጊያ አውደ ርዕይ ፓክ ኤክስፖ በእ.ኤ.አ. አቆጣጠር በተጋማሽ ዓመታት በቺካጎ፣ በጎዶሎዎቹ በላስ ቬጋስ ይካሄዳል፤ ሁለቱም መከር ላይ ናቸው። ከእ.ኤ.አ. 1947 ጀምሮ ያለው የሃኖቨር የኢንዱስትሪ አውደ ርዕይ በአብዛኛው በኤፕሪል ነው። ከእ.ኤ.አ. 1957 ጀምሮ በቻይናዋ ጓንግዡ ከተማ የሚዘጋጀው የካንቶን አውደ ርዕይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በኤፕሪልና በኦክቶበር እየተጀመረ በሦስት ዙር ይካሄዳል። ከዚህ እንደሚረዱት ዓመቱ ሁለት ከባድ ወቅቶች አሉት፤ አንዱ ከማርች እስከ ሜይ፣ ሌላው ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ነው። ጁላይና ኦገስት ግን ጸጥ ይላሉ። በከባዱ ወቅት በአሥር ሳምንት ውስጥ ስድስት ወይም ሰባት ጉዞ ሊገጥምዎ ይችላልና አለቃዎን የዓመቱን ድምር ከመጠየቅ ይልቅ የአሥራ ሁለቱን ወራት የቀን መቁጠሪያ በወረቀት እንዲሰጡዎ ይጠይቁ። እርሱን ይዘው ከባለቤትዎ ጋር አብረው ያጥኑት።

ሆቴሉም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ትልቅ አውደ ርዕይ በሚካሄድበት ሳምንት በከተማው ያሉ ክፍሎች ዋጋ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይወጣል፤ በሃኖቨር ነዋሪዎች በአውደ ርዕይ ሰሞን የመኖሪያ ክፍላቸውን ለእንግዳ ማከራየታቸው ለአሥርት ዓመታት የቆየ ልማድ የሆነውም ለዚህ ነው። ወጪ የሚቆጥብ ኩባንያ ሠራተኛውን ከአዳራሹ በባቡር አንድ ሰዓት በሚርቅ ከተማ ያሳድራል። በቀን ሁለት ሰዓት መንገድ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚቆረጠው ከእንቅልፍዎና ቀጥሎ ከምነግርዎት የማታ ሥራ ላይ ነው። ሆቴሉ ከአዳራሹ ስንት ደቂቃ ይርቃል የሚለውን ጥያቄ ቅንጦት አድርገው እንዳይቆጥሩት።

ወደ ሰውነት ልለፍ። ከእግር ይልቅ ቀድሞ የሚሄደው ድምፅ ነው። ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲገባ ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ይህ ክስተት እ.ኤ.አ. በ1911 ጥናቱን ባሳተመው ፈረንሳዊ የጆሮና የጉሮሮ ሐኪም በኤቲየን ሎምባርድ ስም ይጠራል። አዳራሽ ውስጥ ስምንት ሰዓት ሙሉ ከማሽን ድምፅ በላይ ሲናገሩ ይውላሉ፤ ማታ ደግሞ በእራት ግብዣ ላይ ሌላ ሦስት ሰዓት ይጨመራል። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ድምፅዎ ሲሻክር በሹክሹክታ መናገር እንዳይሞክሩ፤ ሹክሹክታ የድምፅ ገመዱን ብዙ ጊዜ ይበልጥ ያስጨንቀዋል። የሚሻለው ሰውየውን ከማሽኑ ራቅ ወዳለ ጥግ ወስዶ፣ ፊት ለፊት ቀርቦ፣ በዝግታ መናገር ነው፤ ውኃውንም እስኪጠማዎ ሳይጠብቁ በየጊዜው ይጠጡ። እግርን በተመለከተ በቀጭን ምንጣፍ ስር ያለው ሲሚንቶ መሆኑን አይርሱ። ሁለት ጫማ ይዘው በየቀኑ ማፈራረቅና ኩባንያው ከምንጣፉ ስር ለስላሳ ንጣፍ እንዲያስነጥፍ መጠየቅ ከማንኛውም ቅባት ይበልጣል።

እንቅልፍ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የሰውነት ሰዓት ከአዲስ የሰዓት ቀጠና ጋር የሚላመደው በግምት በቀን አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ወደ ምሥራቅ መብረር ደግሞ ወደ ምዕራብ ከመብረር ይከብዳል፤ ምክንያቱም የአብዛኛው ሰው የውስጥ ሰዓት ከ24 ሰዓት ጥቂት ስለሚረዝም ቀኑን ማስረዘም ከማሳጠር ይቀለዋል። ሰባት የሰዓት ቀጠና ወደ ምሥራቅ አቋርጠው ለሦስት ቀን አውደ ርዕይ ሲሄዱ ሰውነትዎ መላመዱን ሳይጨርስ ተመልሰው ይመጣሉ። በዚህ ላይ የመጀመሪያ ሌሊት ችግር አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ሰው በማያውቀው ክፍል በመጀመሪያው ሌሊት ሲተኛ የአንጎሉ አንዱ ክፍል ከሌላው ቀለል ያለ እንቅልፍ ይተኛል፤ ዘብ የቆመ ያህል ነው። በዓመት 18 የመጀመሪያ ሌሊቶች አሉዎት ማለት ነው። ከግንባታው አንድ ቀን ቀድሞ መድረስን በውል ውስጥ የምጠይቀው ለዚህ ነው። ስለ በረራም አንድ ነገር ልጨምር፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ ወደ እጥፍ ገደማ ያሳድገዋል። ለጤነኛ ሰው አደጋው ከ6,000 መንገደኞች በአንዱ ላይ የሚደርስ ያህል በመሆኑ ሊያስፈራዎ አይገባም፤ ይሁንና ደጋግሞ የሚበር ሰው በየሰዓቱ ተነሥቶ መራመድን ልማድ ማድረጉ ይበጀዋል፤ ቀድሞ የታወቀ ሕመም ካለብዎ ደግሞ ሐኪምዎን ያማክሩ።

ሰዎች በግልጽ የማይጽፉት አንድ ነገር አለ፤ መጠጥ። በየምሽቱ ግብዣ አለ፣ ብርጭቆው በሌላ ሰው ገንዘብ ይሞላል፣ ክፍሉ ውስጥ የሚጠብቅዎ ሰው የለም። አብረውኝ ከጀመሩት መካከል ሥራው ከጣላቸው ይልቅ ምሽቱ የጣላቸው ይበዛሉ። የእኔ ደንብ ቀላል ነበር፤ ግብዣው ላይ አንድ ሰዓት እቆያለሁ፣ ከዚያም የምጽፈው አለኝ ብዬ እነሣለሁ። ሰበብ አልነበረም፤ በእርግጥም የምጽፈው ነበረኝ።

ይህ የማታ ጽሑፍ የሥራው ዋና ክፍል ነው ብል አላጋነንኩም። በሁለተኛ ዓመቴ ከአንድ አውደ ርዕይ 140 ያህል ቢዝነስ ካርድ ሰብስቤ በላስቲክ አስሬ ወደ ቤት መጣሁ። ሰኞ ቢሮ ገብቼ ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋቸው ፊታቸው ትዝ ያለኝ የሃያዎቹ ብቻ ነበር። አንደኛው ካርድ ሁለት የማሸጊያ መስመር ለመግዛት በጀት የጸደቀለት ድርጅት ግዢ ኃላፊ ነበረ፤ ማን እንደሆነ ያወቅሁት ከወራት በኋላ ተፎካካሪያችን ሽያጩን ማብሰሩን ስሰማ ነው። ሰውየው ቡዛችን ላይ ቆሞ ያለኝን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልጻፍኩትም ነበር። ዛሬ የማሠለጥናቸውን የማስገድዳቸው ይህን ነው፤ ሰውየው ከቡዙ ሲወጣ ቀጣዩን ከመቀበልዎ በፊት በካርዱ ጀርባ ወይም በስልኩ ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ። ምን ያሽጋል፣ አሁን በምን ያሽጋል፣ መቼ ይወስናል። ማታ ደግሞ ከመተኛትዎ በፊት እነዚያን ሦስት ቃላት ወደ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስፉ፤ ለዋነኞቹ አምስት ሰዎችም በዚያው ሌሊት አጭር መልእክት ይላኩ። ጎብኚው አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ባጅ የሚያነበው መሣሪያ ስምና አድራሻ ይይዝልዎታል፤ ሰውየው «የአሁኑ ማሽናችን በቀን ሁለት ጊዜ ይቆማል» ማለቱን ግን አይዝም። ሽያጩ ያለው እዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ሥራ መቼ እንደተወለደ ማወቅ ለሚፈልግ፣ የጀርመኗ ላይፕዚግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1497 ከንጉሥ ማክሲሚሊያን 1ኛ የአውደ ርዕይ ልዩ መብት ያገኘች ስትሆን ለዘመናት ነጋዴው የሚሸጠውን ዕቃ ሁሉ ጭኖ ይመጣባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 ግን በዚያው ከተማ ናሙና ብቻ አቅርቦ ትዕዛዝ የመቀበል አውደ ርዕይ ተጀመረ። ዕቃው ፋብሪካ ቀርቶ ናሙናና ተናጋሪ ብቻ መጓዝ የጀመሩት ያኔ ነው። እኛም የዚያ ተናጋሪ ወራሾች ነን።

ናሙና ስል ድንበር ትዝ አለኝ። የማሳያ ማሽን ለሁለት ሳምንት አስገብቶ መልሶ ለማውጣት ቀረጥ ላለመክፈል የሚያገለግለው ሰነድ አታ ካርኔ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣ ዓለም አቀፍ ስምምነት የተመሠረተ ሲሆን ለአንድ ዓመት ያገለግላል። የሚሠራው ስምምነቱን በተቀበሉ አገሮች ብቻ ነው፤ ለጎብኚ የሚታደሉ ስጦታዎችንና ብሮሸሮችንም አይሸፍንም። ዋናው ነገር ግን ማኅተሙ ነው፤ ሲገቡም ሲወጡም ጉምሩክ የሰነዱን እያንዳንዱን ቅጠል ማተም አለበት። እኔ አንድ ሌሊት ከማፍረሱ ሥራ ቀጥታ ወደ አየር ማረፊያ ሄጄ የናሙና ሻንጣዬን ይዤ በእንቅልፍ ልቤ ጉምሩክ ሳላሳትም ወጣሁ። ዕቃው ከእኔ ጋር ወደ ቤት ተመልሷል፤ በዚያ አገር መዝገብ ላይ ግን እንደገባ ቀረ። ከወራት በኋላ የቀረጥ ጥያቄ ለኩባንያዬ ደረሰ፤ ዕቃው እንደወጣ እስክናረጋግጥ ድረስ የፈጀው ደብዳቤ ከሽያጩ በላይ አድክሞናል። በአሜሪካ አዳራሾች ደግሞ ከመኪና ማውረጃው እስከ ቡዝዎ ድረስ ዕቃ ለሚያደርሰው ተቋራጭ የሚከፈለው በክብደት ነው፤ የሚሰላውም በ100 ፓውንድ፣ ማለትም በ45 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ወደ ላይ እየተጠጋጋ ነው። ለመርከብ ጭነት ያልተከፈለውን ያህል ለመጨረሻዎቹ 200 ሜትሮች ሊከፈል ይችላል፤ በጀቱን የሚያወጣው ሰው ይህን ካላወቀ ጥፋቱ በቦታው በተገኘው ሻጭ ላይ ይላከካል።

የሰው ድንበርም አለ። ፓስፖርትዎ ለብዙ አገሮች ቪዛ የሚያስፈልገው ከሆነ ችግሩ የቪዛው ክፍያ ሳይሆን ፓስፖርቱ በአንዱ ኤምባሲ ተይዞ ሳለ ሌላው ጉዞ መድረሱ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ የረጅም ጊዜ ቪዛ መጠየቅና አገርዎ ለተደጋጋሚ ተጓዥ ሁለተኛ ፓስፖርት የሚሰጥ እንደሆነ ማጣራት ያስፈልጋል። በሸንገን አገሮች ለአጭር ጊዜ መቆየት የሚቻለው በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው፤ የገቡበትና የወጡበት ቀን ሁለቱም ይቆጠራሉ። በከባድ ዓመት ይህ ገደብ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። የስልክ መሙያ ባትሪዎችን ከሚጫነው ሻንጣ አውጥቶ በእጅ መያዝ ግዴታ ነው፤ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ ለሆነው የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከ160 በላይ የሆነውን ደግሞ መንገደኛ ይዞ አይሳፈርም።

ገንዘቡን በተመለከተ የኮሚሽኑን መቶኛ ከመከራከርዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ። አውደ ርዕይ ላይ ያገኘሁት ደንበኛ ከስምንት ወር በኋላ በአካባቢው ወኪል በኩል ቢገዛ ኮሚሽኑ የማን ነው? የማሸጊያ ማሽን ቡዝ ላይ አይሸጥም፤ ቡዝ ላይ ይጀመርና ከወራት በኋላ በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ይፈረማል። ውሉ ይህን በግልጽ ካላስቀመጠ ሰባት ከመቶም ሆነ ሁለት ከመቶ ያው ነው። በጽሑፍ መኖር ያለበት ደንበኛው በእርስዎ ስም ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ለምን ያህል ወር የእርስዎ ሆኖ እንደሚቆጠር ነው፤ እኔ ከአሥራ ሁለት ወር በታች አልቀበልም። ቀጥሎ የውሎ አበሉ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው እንደሚታሰብ ይጠይቁ፤ ከትርኢቱ ቀናት ጋር ብቻ ከታሰረ ከስምንቱ ቀን አምስቱን በራስዎ ኪስ ይኖራሉ። ሆቴልና ትኬቱ በኩባንያው ካርድ የሚከፈል እንጂ እርስዎ ከፍለው በደረሰኝ የሚወራረድ አይሁን፤ በከባዱ ወቅት የሦስት ጉዞ ሒሳብ ሳይወራረድ ከተከማቸ ለኩባንያው ያለ ወለድ አበዳሪ ሆነዋል። በጉዞና በግንባታ ያለፈው ቅዳሜና እሑድ በሌላ ቀን እረፍት እንደሚተካም ይጻፍ። እነዚህን አራት ነገሮች ስጠይቅ ፊቱን ያኮሳተረ ቀጣሪ ገጥሞኝ ያውቃል፤ እዚያ አልተቀጠርኩም፤ አልተጸጸትኩምም።

ትዳርን በሚመለከት ሰው የሚፈራው መሄድን ነው። የሚከብደው ግን መመለስ ነው። እርስዎ በሌሉበት ቤቱ ያለ እርስዎ መኖርን ተለማምዷል፤ ልጁ የሚተኛበት ሰዓት ተቀይሯል፣ አዲስ ቃል ተምሯል፣ የተበላሸው ቧንቧ በሌላ ሰው ተጠግኗል። እርስዎ ደግሞ ስምንት ቀን ከማያውቁት ሰው ጋር ሲሳሳቁ ከርመው ቤትዎ ሲገቡ የሚፈልጉት ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ባለቤትዎ በበኩላቸው ስምንት ቀን ልጅ ብቻቸውን ይዘው ቆይተው የሚጠብቁት ሸክሙን የሚረከባቸውን ሰው ነው። ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ጠቡም የሚነሣው ከዚያ ነው። ለእኛ የሠራልን በተመለስኩ በማግሥቱ ሙሉውን ቀን ልጁን እኔ መያዜና ባለቤቴ ከቤት መውጣታቸው ነበር፤ ቢሮ የምገባው ከዚያ በኋላ ነው። ስልክ መደወልን በተመለከተ የሁለት ዓመት ሕፃን በስክሪን ላይ ረጅም ጨዋታ አይሆንለትም፤ በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ፣ ያንኑ አንድ ታሪክ ማንበብ ይበቃል። ሰዓቱ ከትርኢቱ ጋር ከተጋጨ ከቡዙ ይውጡ። ለዚህም ሲባል ቡዙ ላይ ብቻዎን የማይቆሙ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። ብቻውን የሚቆም ሻጭ ለልጁም ለመጸዳጃም ጊዜ የለውም፤ እርሱ በሌለበት አምስት ደቂቃ ደግሞ ጎብኚው ወደ ጎረቤት ቡዝ ይሻገራል።

ውሰዱት ወይስ ተዉት የሚለውን በግልጽ ልመልስ። ሕፃን ልጅ ላለው ሰው 18 አውደ ርዕይ ይበዛል ብዬ አምናለሁ። 12 ከሆነ፣ በከባዱ ወቅት በሁለት ጉዞ መካከል ቢያንስ አሥር ቀን ቤት የሚያድሩ ከሆነ፣ ቡዙ ላይ ሁለተኛ ሰው ካለና የኮሚሽኑ አንቀጽ ከተጻፈ ይውሰዱት፤ ከቢሮ ሆነው በአሥር ዓመት የማያውቁትን ገዢና ገበያ በሦስት ዓመት ያውቃሉ፣ ሰው ፊት ቆሞ ማዳመጥንም ይማራሉ። ቀሪዎቹን ስድስት አውደ ርዕዮች የሚሸፍን ሌላ ሰው ይኖራል ወይ ብለው ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ከስድስቱ ሦስቱ ኩባንያው በልማድ ብቻ የሚሄድባቸውና ምን ደንበኛ እንዳስገኙ ማንም መዝግቦ የማያውቃቸው ሆነው ይገኛሉ። ያለፉትን ሁለት ዓመታት መዝገብ እንዲያሳዩዎ ቢጠይቁ 18 የሚለው ቁጥር ራሱ ሊወርድ ይችላል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይለምኑ። ከመፈረምዎ በፊት በአንድ አውደ ርዕይ ላይ፣ ከመጀመሪያው የግንባታ ቀን እስከ መጨረሻው ማፍረስ ድረስ፣ አሁን ከሚሠራው ሰው ጋር ይላኩኝ ይበሉ። በመዝጊያው ምሽት ባዶ ሣጥኖቹ እስኪመጡ ስትጠብቁ ከጎን ቡዝ ያለው ሻጭም ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ያገኙታል። ስንት ዓመት እንደሠራ፣ ነገ ወዴት እንደሚበርና ኮሚሽኑ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈለው መቼ እንደሆነ ይጠይቁት፤ በዚያ ሰዓት ማንም የሚደብቀው ነገር የለውም።